የአንድ ዶቃ ዋጋ ስንት ነው?

(በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የሂሳብ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ዶቃ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከአባሎቻችን አምስቱ ላለፉት ሦስት ወራት አዲስ የእጅ ሥራ ሲለማመዱ ቆይተዋል። ባለ ቀለም የፕላስቲክ ጭቃ እየደራረቡ፣ እየጠቀለሉና እየቆረጡ ጌጠኛ ዶቃ ይሠራሉ። አሁን ሥራውን ለማስፋት ከቁጠባችን 12,000 ብር ብድር ጠይቀዋል። ይህ ገንዘብ ከሽንኩርቱ፣ ከእንቁላሉ፣ ከጠላው፣ ከደመወዛችንም በየሳምንቱ እየቀነስን ያጠራቀምነው ነው። ስለዚህ እሺም እምቢም ከማለታችን በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባናል። እኛ የኮሚቴው አባላት ሁለት ቅዳሜ ከእህቶቻችን ጋር ተቀምጠን፣ እጃችንን ቀለም እያስነካን አየን፤ ወጪውንና ገቢውንም መዘገብን። ያየነውን እንነግራችኋለን፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በገበያ ስሙ ፖሊመር ክሌይ ይባላል። ጭቃ ይባል እንጂ ከአፈር የመጣ አይደለም። የውኃ ቱቦ ከሚሠራበት ከፒቪሲ ፕላስቲክ ዱቄት፣ ዱቄቱን ከሚያለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽና ከቀለም የተቀመመ ነው። የእንስራና የጀበና ጭቃ አየር ላይ ሲውል ይደርቃል። ይህኛው ግን በደንብ ከተጠቀለለ ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ የሚጠነክረው መጋገሪያ ውስጥ ገብቶ በቂ ሙቀት ሲያገኝ ነው።

ከታወቁት ዓይነቶች አንዱ ፊሞ የሚባለው ነው፤ እሱም ከሴት እጅ የወጣ ነው። የጀርመኗ የአሻንጉሊት ሠሪ የኬተ ክሩዘ ልጅ ሶፊ ለራሷ ሥራ ስትጠቀምበትና ስታሻሽለው ቆይታ፣ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ለኤበርሃርድ ፋበር ኩባንያ ሸጠችው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል።

የአሠራሩ ብልሃት ግን ከዚህ ጭቃ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በጣሊያን አገር፣ ቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት የሚኖሩ የመስታወት ባለሙያዎች ቀጫጭን ባለ ቀለም የመስታወት ዘንጎችን አንድ ላይ ያስራሉ፤ በእሳት ያለሰልሳሉ፤ ስበው ያቀጥናሉ፤ ከዚያ እንደ ካሮት ይከታትፉታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያው አበባ ወይም ያው ኮከብ ይታያል። እንዲህ የተሠሩ ዶቃዎች በመርከብ ወደ አፍሪካ እየመጡ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስና በዘይት ሲለወጡ ኖረዋል። የፕላስቲኩ ጭቃ ያንኑ ብልሃት ያለ እሳት፣ በማድቤት ጠረጴዛ ላይ እንድንሠራው አስችሎናል።

ዶቃ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች ብዙ የመስታወት ዶቃ ተገኝቷል። ወደ ደቡብ ብንወርድ በሐመርና በኮንሶ የሴቶች ጌጥ ያለ ዶቃ አይታሰብም። እኛም ዘንድ የሙሽራ ድሪና ማርዳ አለ። በጸሎት ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መቁጠሪያ ይይዛል። በቅርብ ዘመንም አዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከቀለጠ የጥይትና የመድፍ ቀለህ ዶቃ ሠርተው የአንገት ጌጥ በመሸጥ ይተዳደራሉ። በኬንያም ናይሮቢ ውስጥ ካዙሪ የሚባለው የሸክላ ዶቃ ሥራ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሁለት እናቶችን በመቅጠር ተጀመረ፤ ዛሬ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች እንጀራ ሆኗል። ይህን ያነሳነው ትንሽ ዶቃ ቤት ሊያቆም እንደሚችል ለማሳየት ነው። ይሁንና የእነሱ ተሳካ ማለት የእኛም ይሳካል ማለት አይደለምና ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ።

አሠራሩ

ሰፌድ ወይም መሶብ ስንሰፋ ንድፉ ከእያንዳንዱ ስፌት ጋር አብሮ ይወጣል። ሁለተኛ መሶብ ስንጀምር ንድፉን እንደገና ከመጀመሪያው እንቆጥራለን። በዶቃው ሥራ ንድፉ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። ወፍራም ዘንግ ሆኖ ይሠራል፤ ንድፉ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በዘንጉ ሆድ ውስጥ ያልፋል። የትም ቦታ ብትቆርጡት ያው መልክ ይወጣል።

መጀመሪያ ጭቃው እንደ ሊጥ ይታሻል። ማርቆስ ላይ በተለይ ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጭቃው ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እህቶቻችን በላስቲክ ጠቅልለው ጥቂት ጊዜ በሹራባቸው ኪስ ይዘውት ይቆያሉ፤ የሰውነት ሙቀት ያለሰልሰዋል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ሁሉም ቀለም እኩል ልስላሴ እንዲኖረው ነው። አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ልዝብ ከሆነ ዘንጉ ሲጨመቅ ልዝቡ በጎን ይሸሻል፤ ንድፉም ይጣመማል።

ከዚያ በለስላሳ ጠርሙስ ይዳመጣል። ሦስት ቀላል ዘንጎችን አይተናል። አንደኛው ዓይን የሚሉት ነው፤ አንድ ድቡልቡል ዘንግ በሌላ ቀለም ስስ ንጣፍ ይሸፈናል፤ ሲቆረጥ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ቀንድ አውጣ ነው፤ ሁለት ቀለም ንጣፎች ተነባብረው እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላሉ። ሦስተኛው አበባ ነው። በመካከል ቡናማ ዘንግ ይቆምና በዙሪያው ቢጫ ዘንጎች ይደረደራሉ፤ በቢጫዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ዘንግ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአረንጓዴ ንጣፍ ይጠቀለላል። ክፍተቱ ካልተሞላ ሲጨመቅ የአበባው ቅጠሎች ይደፈጠጣሉ። በደንብ ከተሞላ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አደይ አበባ ትወጣለች። ይህችን አበባ ለማየት መስከረምን መጠበቅ ቀረ ብለን ስቀናል።

ቀጥሎ ማቅጠን ይመጣል። ወፍራሙ ዘንግ ከመሐሉ ተይዞ እየተጨመቀ ወደ ሁለቱ ጫፍ ይሳባል፤ ከዚያ በጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል። እየቀጠነ ሲሄድ በውስጡ ያለው አበባም አብሮ ያንሳል። ሥራው ችኮላ አይወድም። ከአንድ ጫፍ ብቻ የጀመረች ሰው የንድፉን መሐል ትታ ዳሩን ትስበዋለች።

የቀጠነው ዘንግ ለስላሳ ሳለ ከተቆረጠ ቢላው ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ እንዲያርፍና እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ጠዋት ያስቸገረን ብርድ እዚህ ላይ ይክሰናል፤ ማታ የተቀመጠ ዘንግ ጠዋት ለመቁረጥ የተመቸ ሆኖ ያድራል። የሚቆረጠው በስለታም ምላጭ ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ዘንጉን ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በአንድ ጎኑ ይጠፈጠፋል።

ስስ ቁራጮቹ ከትርፍራፊ ጭቃ በተድቦለቦለ እምብርት ላይ ይለጠፋሉ፤ መጋጠሚያቸው እስኪጠፋ በመዳፍ ይሽከረከራል። እንደገና ካረፈ በኋላ በቀጭን ወስፌ ይበሳል። የስፌት ሙያ ያላት ሰው እዚህ ላይ ትበልጣለች፤ ወስፌውን ሳትጫን እያዞረች ታስገባለች፤ ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል አውጥታ ከዚያኛው ወገን ትጨርሰዋለች። እንዲህ ካልሆነ መውጫው ላይ ይቦተረፋል።

የዘንጉ ሂሳብ

አሁን ወደ እኛ ሙያ መጣን። አንድ ዘንግ 4 ሳንቲ ሜትር ወርድና 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። ወርዱን በግማሽ ስናቀጥነው ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም 16 ሳንቲ ሜትር ነው። እንደገና በግማሽ ስናቀጥነው ወርዱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 64 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጭቃው አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ሁለቱ ጫፎች ሁልጊዜ ስለሚጣመሙ ከየጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ወደ ትርፍራፊው እንጥላለን፤ 56 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢቆረጥ 280 ቁራጭ ይወጣዋል። ለአንድ ዶቃ 5 ቁራጭ ከተለጠፈ ከአንድ ዘንግ 56 ዶቃ እናገኛለን ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ንድፉን ለመገንባት የሚወስደው ድካም ለ56 ዶቃ ይከፋፈላል። ጉዳቱም እዚሁ ነው፤ ዘንጉ ላይ የተሠራ ጥፋት 56 ጊዜ ይደገማል።

መጋገሩና ጥንቃቄው

ሙቀቱ በየማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ እንደ ዓይነቱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ጊዜው እንደ ውፍረቱ ሆኖ፣ ለእኛ ዶቃ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመጋገሪያዎች መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ልክ ስለማይናገር ውስጡ የሚቀመጥ የሙቀት መለኪያ የግድ ነው። በፈላ ውኃ እንቀቅለው ያሉ ነበሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ያ ደግሞ ለዚህ ዕቃ አይበቃም፤ ውጪው የጠነከረ ቢመስልም ሰንብቶ ይሰበራል።

ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ጉዳቱ የዶቃው ማረር ብቻ አይደለም። ፒቪሲ ሲቃጠል ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ዳቦ በሚጋገርበት መጋገሪያ፣ በእንጀራ ምጣድ ወይም በከሰል ላይ አይሠራም። መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናት ከአጠገቡ ይርቃሉ። ለጭቃው የዋለ ቢላና ሳህን ወደ ማድቤት አይመለስም። ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ትናንሽ ዶቃዎች የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጉ ስለሚችሉ በክዳን ዕቃ ይቀመጣሉ።

ስለ መብራት መጥፋት የጠየቃችሁ ነበራችሁ። መልሱ ደስ ይላል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ዶቃው አይበላሽም፤ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጋገራል። እንደ ዳቦ አይከሽፍም።

ዋጋው

አሁን ጠንከር ወዳለው ነገር እንግባ። እህቶቻችን የመጀመሪያዎቹን ዶቃዎች በ20 ብር ሂሳብ ለአንድ ነጋዴ ሸጠው ነበር። ነጋዴው በዚያው ሳምንት በ50 ብር ሲሸጥ ተገኘ። ብዙዎች ተናደዱ። እኛ ነጋዴውን አንከስም፤ የሱቅ ኪራይና ግብር አለበት፤ የተጠየቀውን ዋጋም ሳያጓድል ከፍሏል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ 20 ብር የሚለው ዋጋ ከየት መጣ?

በአንድ ዘንግ ላይ የመዘገብነው ወጪ ይህ ነው። ለዘንጉና ለእምብርቱ የዋለ ጭቃ 900 ብር። ክርና መቆለፊያ 120 ብር። መብራት፣ ምላጭና የአሸዋ ወረቀት 80 ብር። ድምሩ 1,100 ብር ነው። ይህ ለ56 ዶቃ ሲካፈል 19 ብር ከ64 ሳንቲም ይመጣል። 20 ብር ሲሸጥ እንግዲህ በአንድ ዶቃ 36 ሳንቲም ትርፍ ያለው ይመስላል።

ግን ከ56ቱ ስድስቱ ተሰንጥቀው ወይም ቀዳዳቸው ተጣሞ ተጣሉ። የተሸጠው 50 ነው። 50 ጊዜ 20 ብር 1,000 ብር ነው። ከ1,100 ብር ወጪው ላይ 100 ብር ከሰረ።

ይህም የእጅ ዋጋ ሳይታሰብ ነው። ከማሸት እስከ ማንጠልጠል ያለውን ጊዜ በሰዓት ያዝነው፤ ለአንድ ዘንግ 10 ሰዓት ይፈጃል። ከሠራተኞቹ ጋር ተመካክረን ሰዓቱን 40 ብር አደረግነው፤ በቀን 8 ሰዓት ለሠራ 320 ብር ይሆናል። አሥሩ ሰዓት 400 ብር ነው። ሙሉ ወጪው 1,500 ብር ሆነ ማለት ነው። ለ50 ደህና ዶቃ ሲካፈል አንዱ ዶቃ የቆመው በ30 ብር ነው። እህቶቻችን በ20 ብር ሲሸጡ ለገዢው በእያንዳንዱ ዶቃ ላይ 10 ብር መርቀው ሰጥተዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንበል። ይህ የዶቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማኅበራችን ውስጥ ፈትል የምትፈትለውም፣ ሰፌድ የምትሰፋውም፣ በርበሬ የምታዘጋጀውም ዋጋ ስታወጣ ያወጣችውን ብር እንጂ ያጠፋችውን ጊዜ አትቆጥርም። “ምን አለኝ፣ ቤት ተቀምጬ የሠራሁት ነው” ትላለች። ሴት ቤት ተቀምጣ የሠራችው ሥራ ዋጋ የለውም የሚለውን አባባል ስንቃወም ኖረናል፤ የራሳችን ደብተር ላይ ግን ያንኑ አባባል በዜሮ እየጻፍነው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም ሥራ ደብተር ላይ “ሰዓት” የሚል ዓምድ ይጨመርልን።

ሁለተኛው ነገር የመተኪያ ዋጋ ነው። ጭቃው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በድሮ ዋጋ የተገዛ ጭቃ ቤት አለን ብለን በድሮ ዋጋ ከሸጥን፣ ሲያልቅ በሽያጩ ገንዘብ ያንኑ ያህል መልሰን መግዛት አንችልም። ወጪው የሚታሰበው ዛሬ ገበያ ወጥተን ብንገዛ በምንከፍለው ልክ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞንም ስላለ፣ ለሁለት ወር የሚበቃ ጭቃ መያዝ ከብድሩ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት።

ብድሩ

ከ12,000 ብሩ 7,000 ብር ለመጋገሪያና ለሙቀት መለኪያ፣ 5,000 ብር ለጭቃና ለመሣሪያ ነው የተጠየቀው። በማኅበራችን ደንብ መሠረት በወር 1 በመቶ ወለድ፣ በሚቀንስ ቀሪ ሂሳብ፣ በ12 ወር ይመለሳል። በየወሩ 1,000 ብር ከዋናው ይከፈላል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 120 ብር፣ የመጨረሻው 10 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ወለድ ተደምሮ 780 ብር ነው። በአማካይ በወር 1,065 ብር መክፈል ይጠበቅባቸዋል።

ይህ ስንት ዶቃ ነው? እነሱ ራሳቸው በባዛርና በቤት ለቤት በ42 ብር ቢሸጡ ከ30 ብሩ ወጪ በላይ 12 ብር ይተርፋል። በወር 89 ዶቃ ሲሸጡ ዕዳው ይከፈላል። ለሱቅ በ36 ብር ካስረከቡ ትርፉ 6 ብር ነው፤ 178 ዶቃ መሸጥ አለባቸው። 178 ዶቃ ለመሥራት 36 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለአምስት ሰው ሲካፈል በወር ለአንዷ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መሥራቱ እንደማይከብድ ከዚህ ታያላችሁ። የሚከብደው ገዢ ማግኘቱ ነው። በ20 ብር ግን ቢሠሩም ቢሸጡም ዕዳው አይከፈልም፤ ብዙ በሸጡ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። እዚያ ላይ ጥርጥር የለንም።

ገዢው ማን ነው?

ቅዳሜ ገበያ ብትወጡ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ዶቃ በርካሽ ታገኛላችሁ። በርካሽነት ከእሱ ጋር መወዳደር አንችልም፤ መሞከርም የለብንም። የእኛ ዶቃ የሚሸጠው እሱ የሌለው ነገር ስላለው ነው። የአደይ አበባዋ ዶቃ ለእንቁጣጣሽ፣ የመሶብ ቀለም ያለው ለሠርግ፣ ከሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ቀለም ጋር ተዛምዶ የተሠራ የአንገትና የጆሮ ጌጥ ለጥምቀትና ለፋሲካ። አንዲት እናት የቀሚሷን ጥበብ ይዛ መጥታ “በዚህ ቀለም ሥሩልኝ” ስትል አይተናል። ይህንን ከውጭ የመጣ ካርቶን አይመልስላትም። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ ዘንጉ ከወር በፊት ተገንብቶ መቀመጥ አለበት። ያልተጋገረ ዘንግ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ከፀሐይ ርቆ ከተቀመጠ አይበላሽም፤ ትዕዛዝ ሲመጣ መቁረጥ ብቻ ነው።

ጭቃው ጨርሶ ቢጠፋስ? በእጃችን ያለ መተኪያ አለ። የበቆሎ ስታርችና ነጭ ኮላ እኩል ለእኩል ተደባልቆ፣ ጥቂት ዘይትና ኮምጣጤ ተጨምሮበት በለዘብታ እሳት እየተማሰለ ሲጠነክር ተመሳሳይ ሊጥ ይወጣዋል። መጋገሪያ አይፈልግም፤ አየር ላይ ይደርቃል። ዘንግም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ውኃም አይችልም። ስለዚህ በቫርኒሽ ይቀባል፤ ለገዢውም “ውኃ አታስነኩት” ተብሎ በግልጽ ይነገራል፤ በዋጋም ከሌላው ይለያል። ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ስም መሸጥ የማኅበራችንን ስም ያጎድፋል።

ስለ ጨሌ

አንድ የቀረ ነገር አለ። ባለፈው ስብሰባ ከእናቶቻችን አንዷ “ጨሌ መሥራት ምን ይባላል?” ብለው ጠይቀዋል። በአገራችን ጨሌ የሚለው ቃል ከውቃቢና ከዛር ጋር ተያይዞ ስለሚነሳ ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ልናልፈው አይገባም። እህቶቻችን የሚሠሩት ለማንም መንፈስ የማይሰጥ፣ ምንም የማይደገምበት ጌጥ ነው። ዶቃው እንደ ማርዳውና እንደ ድሪው የአንገት ውበት ነው። ቢሆንም እምነቷ የማይፈቅድላት አባል ካለች ልትሠራ አትገደድም፤ ሳትሠራ በመቅረቷም ማንም አይወቅሳትም። ብድሩም የሚሰጠው ለአምስቱ በራሳቸው ኃላፊነት ነው።

የውሳኔ ሐሳባችን

ስለዚህ የሂሳብ ኮሚቴው ብድሩ እንዲፈቀድ ያሳስባል፤ አራት ነገሮች ግን ይሟሉ እንላለን።

አንደኛ፣ ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ይሰጥ። መጀመሪያ 7,000 ብሩ ለመጋገሪያውና ለመለኪያው፤ ቀሪው 5,000 ብር ደግሞ በእጃቸው ባለው ጭቃ የሠሩትን ቢያንስ 50 ዶቃ ከ36 ብር ባላነሰ ዋጋ ሸጠው ደብተራቸውን ሲያሳዩን።

ሁለተኛ፣ ወጪ፣ ሰዓት፣ የተሰበረና የተሸጠ ዶቃ በየሳምንቱ ይመዝገብ። መጻፍ ለሚያስቸግራት አባል በቁጠባው ቀን አብረናት ተቀምጠን እንጽፋለን።

ሦስተኛ፣ ከ30 ብር በታች ማንም እንዳትሸጥ ይወሰን። ዋጋው ሲለወጥ በጋራ ይለወጥ። አንዷ ቸግሯት በ20 ብር ከሸጠች የአራቱንም ዋጋ ታወርዳለች። የቸገራት እህት ዶቃዋን ከምታረክስ ለዚሁ ብለን ወዳስቀመጥነው የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ትምጣ።

አራተኛ፣ አምስቱ አንዳቸው ለሌላቸው ዋስ ይሁኑ። አንዷ ብትታመም ወይም ብትወልድ አራቱ ድርሻዋን እየከፈሉ ይጠብቋት፤ ስትመለስ ቦታዋ የራሷ ነው።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። 12,000 ብር ለአንዲት ሴት ከባድ ዕዳ ነው፤ ለአምስት ሴቶችና ለአንድ ማኅበር ግን የሚነሳ ሸክም ነው፤ ሂሳቡ ከመጀመሪያው በእውነት ከተጻፈ። እነሆ ከእያንዳንዱ ንድፍ አንዳንድ ዶቃ በትሪው ላይ አምጥተናል። እየተቀባበላችሁ እዩት፤ የቆመበትን ዋጋም አሁን ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ከዚያ በኋላ እጅ እያወጣን እንወስናለን።